ጣሪያው በተነሣበት ዓመት፦ የካሼል ዐለት አብያተ ክርስቲያናት
(በቅርስ ጥበቃ ሥልጠና ላይ ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ አጠባበቅ የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ሁሉንም ነካ ነካ አድርጎ ከማለፍ አንድ ቦታ መርጠን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ብንመለከተው ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም በአየርላንድ ደሴት፣ ቲፐሬሪ በሚባለው አውራጃ የሚገኘውን የካሼል ዐለትና በላዩ ላይ የቆሙትን አብያተ ክርስቲያናት ነው። ሩቅ አገር መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። የራሳችን ደብር ሲነሣ ማን ምን አደረገ፣ ማን ምን ሳያደርግ ቀረ ወደሚለው ክርክር ፈጥነን እንገባለን፤ የሰው አገር ሕንፃ ሲሆን ግን ድንጋዩንና ውኃውን ረጋ ብሎ ማየት ይቻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ እንደምታዩት ዙሪያው ለጥ ያለ የግጦሽ መስክ ነው። ከመካከሉ አንድ የኖራ ድንጋይ ጉብታ ስልሳ ሜትር ያህል ብድግ ብሎ ይታያል። ካሼል የሚለው ስም በአገሬው ቋንቋ የድንጋይ ምሽግ ማለት ነው፤ ቦታውም ቤተ ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት መንስተር የተባለው የደቡቡ ግዛት ነገሥታት መቀመጫ ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ፓትሪክ ወደዚህ መጥቶ ኤንገስ የተባለውን ንጉሥ እንዳጠመቀው በትውፊት ይነገራል። በጥምቀቱ ጊዜ የቅዱሱ በትረ ሙሴ ጫፍ ሳይታወቀው የንጉሡን እግር ወጋው፤ ንጉሡ ግን የሥርዓቱ ክፍል መስሎት ቃል ሳይተነፍስ ታገሠ ይላሉ። ትውፊቱን ታሪክ ነው ብለን አናቀርበውም። ይሁን እንጂ የካሼል ሰዎች ስለ ቦታቸው ሲናገሩ ከዚህ ታሪክ መጀመራቸው፣ ዐለቱን ከመንግሥትነቱ ይልቅ በጥምቀቱ እንደሚያስቡት ያመለክታል።

ዐለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን እጅ የገባው በ1101 ነው። በዚያ ዓመት ንጉሥ ሙርከርታህ ኦብራያን ምሽጉን ለቤተ ክርስቲያን በስጦታ ሰጠ። ልግስና ብቻ አልነበረም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ካሼል የቀድሞዎቹ የኤውጋናክት ነገሥታት የዘር መቀመጫ ስለነበረ፣ የኦብራያን ወገን ቦታውን ለእግዚአብሔር በመስጠቱ ተቀናቃኞቹ ዳግመኛ እንዳይዙት አደረገ። የስጦታው ልብ ምንም ይሁን ምን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1111 በተደረገው የራት ብሬሳል ጉባኤ ካሼል መንበረ ሊቀ ጵጵስና ሆነ።

ዛሬ ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ የሚቀድመው ክቡ ማማ የዚህ ዘመን ሥራ ነው። ቁመቱ 28 ሜትር ነው፤ በሩም ከመሬት ከሦስት ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ያለ መሰላል አይገባበትም። አገሬው እንዲህ ያለውን ማማ የደወል ቤት ይለዋል። ስለ ማማው ብዙ የሚባል ነገር ቢኖርም ዛሬ አናቆይባችሁም፤ ዋናው ነገራችን ከጎኑ ባሉት በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ በትንሹና በትልቁ፣ ላይ ነውና።

ትንሹ የኮርማክ ጸሎት ቤት ይባላል። ያሠራው ኮርማክ ማካርቲ የተባለ የመንስተር ንጉሥ ነው። ይህ ሰው በ1127 ከዙፋኑ ተገፍቶ ሊዝሞር ወደሚባለው ገዳም ገባ። በዚያም ቅዱስ ማላኪን አገኘውና በጾምና በጸሎት አብሮት ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወደ መንግሥቱ ቢመልሱትም የገዳሙ ኑሮ ከልቡ የወጣ አይመስልም፤ የጸሎት ቤቱ ሥራ የተጀመረው በዚያው በ1127 ሲሆን በ1134 ቅዳሴ ቤቱ ተከብሯል። ኮርማክ ከአራት ዓመት በኋላ በ1138 በሴራ ተገደለ።

ሕንፃው ትንሽ ነው፤ ግን በዘመኑ በአየርላንድ እርሱን የሚመስል አልነበረም። ሕዝቡ የሚቆምበት ክፍልና መቅደሱ በሚገናኙበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ማማዎች ቆመውበታል። እንዲህ ያለው አሠራር በአየርላንድ የተለመደ ስላልነበረ፣ የኪነ ሕንፃ ምሁራን አየርላንዳውያን መነኮሳት ሬገንስቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ ከነበራቸው ገዳም ጋር ያያይዙታል። በሕዝቡ ክፍልና በመቅደሱ መካከል ያለው ታላቅ ቅስት ዙሪያውን በሰው ራሶች ቅርጽ የተከበበ ነው። በሰሜኑ በር አናት ላይ ደግሞ ግማሹ ሰው ግማሹ ፈረስ የሆነ ፍጡር፣ የኖርማን ወታደር የራስ ቁር ደፍቶ፣ በቀስት አንድ ግዙፍ አንበሳ ሲወጋ ተቀርጿል። በመቅደሱ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ሥዕሎች ነበሩ። ለሰማያዊው ቀለም የተፈጨው ድንጋይ ከአፍጋኒስታን ተራሮች የመጣ ላፒስ ላዙሊ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት፣ በአውሮፓ የመጨረሻ ምዕራብ ጫፍ፣ በአንድ ዐለት ላይ ለሚቆም ትንሽ ቤት ይህን ቀለም ለማስመጣት ምን ያህል የነጋዴ እጅ እንዳለፈ መገመት ለእናንተ እንተዋለን።

አሁን ጣሪያውን እንመልከት፤ የመጣንበት ነገር ይህ ነውና። የኮርማክ ጸሎት ቤት ጣሪያ ሣር አይደለም፣ እንጨት አይደለም፣ ብረትም አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቁልቁለት ያለው የድንጋይ ጣሪያ ዝናብን ፈጥኖ ያወርዳል፤ ነገር ግን የራሱ ክብደት መካከሉን ወደ ውስጥ እያጎበጠው ይመጣል። የአየርላንድ ግንበኞች ለዚህ ያገኙት መላ ድርብ አሠራር ነው። ከታች፣ ከጸሎት ቤቱ በላይ፣ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ የሚመስል የድንጋይ ቅስት ይሠራሉ፤ ከቅስቱ በላይ ደግሞ የውጩ ጣሪያ ይሰቀላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ አንድ ክፍል ይሆናል። የታችኛው ቅስት የላይኛውን ጣሪያ እግሮች እንዳይፈናቀሉ ይይዛቸዋል፤ ባዶው ክፍልም በግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይቀንሳል። ይህ መላ ከካሼል በፊት በኬልስና በግሌንዳሎክ በሚገኙ ትናንሽ ቤቶች ተሞክሯል፤ በካሼል ግን ለንጉሥ በሚመጥን መጠን ተሠራ። በላይኛው ክፍል ውስጥ የእሳት ምድጃ አለ። መጻሕፍት ከእርጥበት እንዲጠበቁ የታሰበ ነው የሚሉ አሉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ትንሽ ቤት ለሊቀ ጵጵስናው መንበር አልበቃ አለ። ከ1230ዎቹ ጀምሮ እስከ 1270ዎቹ ገደማ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ተከታትለው ዛሬ ፍርስራሹን የምናየውን ካቴድራል አሠሩ። ከሦስቱ የመጨረሻው ዴቪድ ማክ ካርቪል በሕልማቸው የቤኔዲክቶስ መነኮሳት አንገታቸውን ሊቆርጡ ሲያሤሩ አይተው፣ መነኮሳቱን አስወጥተው ንብረታቸውን በ1272 ከዐለቱ ሥር ለሚገኘው ለሆር ገዳም እንደሰጡ ይነገርላቸዋል። (ሕልም የንብረት ዝውውር ምክንያት ሲሆን ያየንበት ሌላ ሰነድ ትዝ አይለንም።) ካቴድራሉ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን በመካከሉ ጠንካራ ማማ አለው። መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ጠባብና ጫፋቸው ሹል ናቸው። የምሥራቁ ክፍል ከምዕራቡ ይረዝማል፤ ይህ በካቴድራል ዘንድ ያልተለመደ ነው። በምዕራቡ ጫፍ ላይ በ15ኛው መቶ ዓመት ለሊቃነ ጳጳሳቱ መኖሪያ የሚሆን የምሽግ ቤት ተተክሏል።

ነገር ግን የዐለቱ አናት ጠባብ ነበር። በሰሜን ክቡ ማማ፣ በደቡብ የኮርማክ ጸሎት ቤት አስቀድመው ቆመዋል። ግንበኞቹ አንዱንም አላፈረሱም፤ ካቴድራሉን በሁለቱ መካከል ሰክተው ሠሩት። የቀደሙትን አክብረው ማለፋቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ ዋጋ ተከፍሎበታል። ባለ ቀስተኛው የሰሜን በር በቀድሞው ጊዜ ዋናውና እጅግ ያማረው መግቢያ ነበር፤ ፊቱም ወደ ክፍት ሜዳ ነበር። ካቴድራሉ ሲሠራ በሩ በሁለት ሕንፃዎች መካከል በቀረ ጠባብና ጨለማ ቦታ ውስጥ ተዘጋ። ያን ቅርጽ የጠረበው ሰው ሥራውን ያየ ፀሐይ አንድ መቶ ዓመት ያህል ብቻ ነው ያገኘችው ማለት ነው።

ወደ መከራው ዘመን እንለፍ። በ1495 የኪልዴር መስፍን ጄራልድ ፊትዝጄራልድ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር በነበረው ጠብ ካቴድራሉን በእሳት አቃጠለ። በእንግሊዝ ንጉሥ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ሊቀ ጳጳሱ በውስጡ ያሉ መስሎኝ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ካቴድራሉ ግን ተጠግኖ ቀጠለ። በኋላም የእንግሊዝ መንግሥት ሃይማኖቱን ሲለውጥ መንበሩ ወደ ፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ዞረ። በዚህ ጊዜ የነበሩት ማይለር ማግራ ለተወሰኑ ዓመታት በሁለቱም ቤተ ክርስቲያናት ሹመት ይዘው የቆዩ ሰው ሲሆኑ፣ መቃብራቸው ዛሬም በካቴድራሉ ውስጥ ይታያል። የኮርማክ ጸሎት ቤት ሥዕሎችም በኖራ ቅብ ተሸፈኑ።

ከሁሉ የከፋው በመስከረም ወር 1647 የሆነው ነው። በኢንቺኩዊን ጌታ በሙሮ ኦብራያን የሚመራው የእንግሊዝ ፓርላማ ወገን ጦር ካሼልን ሲይዝ፣ የከተማው ሰው ከወታደሩና ከካህናቱ ጋር ወደ ዐለቱ ሸሽቶ በካቴድራሉ ውስጥ ተጠልሎ ነበር። አጥቂዎቹ በዚያ አገር ለማገዶ የሚያገለግለውን የደረቀ የረግረግ አፈር በግድግዳው ሥር ከምረው አቃጠሉት፤ ጥሰው ከገቡም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አዝማቹ የኦብራያን ዘር መሆኑን ልብ በሉ። በ1101 ዐለቱን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ንጉሥም ከዚያው ቤት ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ ካቴድራሉ የፈረሰው በዚያ እልቂት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኛም ታሪኩን ስናነብ መጀመሪያ የመሰለን እንዲሁ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ1647 በኋላም ካቴድራሉ ተጠገነ፤ አገልግሎትም ተደረገበት። ግድግዳው ሁለት ጊዜ በእሳት ተፈትኖ ቆሟል። ፍርስራሽ ያደረገው ሌላ ነገር ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለት ሊቃነ ጳጳሳት ተከታትለው በካሼል ተሾሙ። የመጀመሪያው ቴዎፊለስ ቦልተን ሲሆኑ ከ1730 እስከ 1744 አገልግለዋል። እኒህ ሰው መጻሕፍት ወዳጅ ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍታቸው በስማቸው ሲጠራ ኖሯል። ለወዳጃቸው ለደራሲው ለጆናታን ስዊፍት በጻፉት ደብዳቤ ወደ ዐለቱ የሚያወጣውን መንገድ ለማቅለልና አባቶች የሠሩትን ጥንታዊ ሕንፃ ለመጠገን ማሰባቸውን ገልጸዋል። ቦልተን ዐለት እያስፈለጡ መንገድ ማስተካከል ጀምረው ነበር። የተተኩት አርተር ፕራይስ ናቸው። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1749፣ መንበሩ ከዐለቱ ወርዶ በከተማው ውስጥ ወዳለችው የቅዱስ ዮሐንስ አጥቢያ እንዲዛወር ተደረገ፤ የካቴድራሉም ጣሪያ ተነሣ።

ጠላት አላነሣውም። መብረቅ አልመታውም። ባለቤቱ ነው ያነሣው።

የአገሬው ሰው ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሊቀ ጳጳሱ በሠረገላቸው እስከ በሩ መውጣት ስላልቻሉ ነው ይላል። ይህ ሰውን ለማሳቅ የሚነገር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። እውነተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። የዚያ አገር ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ሆኖ ቀርቷል፤ ካቴድራሉን የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ግን በአካባቢው ጥቂት ምእመናን ብቻ ነበሯት። ጥቂት ሰው በነፋስና በዝናብ አቀበት እየወጣ ለብዙ ሕዝብ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ይቆም ነበር። የጥገናው ወጪም ከባድ ነበር። ፕራይስን በመሥሪያ ቤታችን ሚዛን ብንመዝናቸው፣ ተጠቃሚ የሌለውን ፕሮጀክት ዘግተው ገንዘቡን ሕዝብ ወዳለበት አዛወሩ እንል ይሆናል፤ በሪፖርትም ላይ ያምር ነበር። የምንወቅሳቸው ወደ ከተማ በመውረዳቸው አይደለም። ቤቱን ለቅቆ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ጣሪያውን ገፍፎ መሄድ ግን ሌላ ነው። ጣሪያ ያለው ባዶ ቤት ተመልሶ የሚገባበትን ትውልድ ሊጠብቅ ይችላል። ቦልተን የተመኙትን ጥገና የሚፈጽም አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ቢነሣ ኖሮ፣ የሚጠግነው ነገር ያገኝ ነበር።

ጣሪያ የሌለው ግድግዳ እንዴት እንደሚሞት የሰበካ ጉባኤ አባላት ሁሉ ሊያውቁት ይገባልና ጥቂት እንቆይበት። የድሮ ወፍራም ግድግዳ ጠንካራ ድንጋይ ያለው በውስጥና በውጭ ፊቱ ነው፤ መካከሉ ስብርባሪ ድንጋይና ኖራ ነው። ጣሪያው እያለ ዝናብ የግድግዳውን ፊት ብቻ ይመታል፤ ፊቱም በነፋስ ይደርቃል። ጣሪያው ሲነሣ ግን ውኃው ከአናት ወደ መካከሉ ይወርዳል። ኖራውን ጥቂት በጥቂት እያጠበ ያወጣዋል። በክረምት ውኃው ሲበርድ በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዮቹን ያላቅቃል። ወፍ ያመጣው ዘር በስንጥቁ ይበቅላል፤ ሥሩም እንደ ሽብልቅ ይሠራል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግድግዳው ለብዙ ዓመት ደኅና ይመስላል፤ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይናዳል። በካሼል በምዕራቡ ጫፍ የነበረው የሊቃነ ጳጳሳቱ ምሽግ ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት በማዕበል ነፋስ ጊዜ ከፊሉ ወድቋል። ከላዩ የወረደው ግዙፍ የግንብ ጉማጅ ዛሬም በሣሩ ላይ እንዳረፈ ነው።

በ1869 የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት እንድትለይ የሚደነግግ ሕግ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ዐለቱ ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ በመንግሥት የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ። ግድግዳዎቹ እንዳይናዱ አናታቸው ተደፈነ፤ የላላው ተጠበቀ። ካቴድራሉ ግን ዳግመኛ ጣሪያ አልለበሰም። ጊዜው አልፎ ነበር።

ትንሹስ ቤት? የኮርማክ ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ስለነበረ ማንም ሊገፈው አልቻለም። ትልቁ ካቴድራል ሰማይ ሲያይ ትንሹ ተሸፍኖ ኖረ። የኖራ ቅቡ በ1980ዎቹ በጥንቃቄ ሲነሣ ሥዕሎቹ ከሥሩ ተገኙ። ለማጥፋት የተቀባው ኖራ ከብርሃንና ከእጅ ከልሎ ጠብቋቸው ነበር። ዛሬ በአየርላንድ ካሉ የዚያ ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች እጅግ የከበሩ ናቸው።

ነገር ግን የትንሹ ቤት ፈተና አላለቀም። ትልቁ ካቴድራል ከኖራ ድንጋይ ሲሠራ፣ ይህ ቤት የተሠራው ከአሸዋ ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ለጠራቢ ይመቻል፤ እነዚያ ራሶችና ያ ቀስተኛ እንዲያ ሊያምሩ የቻሉትም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ውኃ ይጠጣል። የአየርላንድ ዝናብ ደግሞ እንደ እኛ ክረምት መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚያካፋ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ሳይደርቅ ሌላ ውኃ ይጨመርበታል። ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ጣሪያ እንደ ስፖንጅ ሆነ። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ግድግዳው አረንጓዴ ሽበት አበቀለ፤ ሥዕሎቹም አደጋ ላይ ወደቁ።

ባለሙያዎቹ ያደረጉት ነገር ለቸኮለ ሰው አይዋጥም። በጸሎት ቤቱ ላይ የብረት ርብራብ አቁመው ከላዩ ሌላ ጊዜያዊ ጣሪያ ሠሩለት፤ ከዚያም እስኪደርቅ ጠበቁ። በዚህ መካከል ጣሪያው ይጠገናል፣ የውስጡ እርጥበትና ሙቀት ይለካል፣ ይመዘገባል፤ ዋናው ሥራ ግን መጠበቅ ነበር። ይህ ለበርካታ ዓመታት ቀጠለ። ጎብኚው ከሩቅ አገር መጥቶ ያገኘው የብረት ክምር ስለሆነ ሳያጉረመርም አልቀረም። እኛም በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉትን መጠለያዎች ያየን ሰዎች ስለሆንን ስሜቱ ይገባናል፤ መጠለያ ቅርሱን ይከልላል፣ ዓይንን ደግሞ ያስከፋል። ልዩነቱ የካሼሉ ርብራብ ድንጋዩ ደርቆ ጥገናው ሲያልቅ መነሣቱ ነው።

በጥገና ረገድ አንድ ነገር አንርሳ። የድሮ ግንብ በኖራ የተያያዘ ከሆነ በሲሚንቶ መድፈን የለበትም። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ውኃን ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል፤ የተዘጋበት ውኃ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን እየፈረፈረ ይወጣል። ሲሚንቶ በየሱቁ ስለሚገኝና ሥራው በአንድ ሳምንት ስለሚያልቅ በየደብሩ ስንጥቅ ባየን ቁጥር ወደ እርሱ እንሮጣለን። የምእመናን ቅንነት ጥፋት የሚሆንበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። እኛም በፕሮጀክት እቅዳችን ለአዲስ አዳራሽ ግንባታ ረጅም ምዕራፍ እየጻፍን፣ አሸንዳ ለመጥረግ አንድ መስመር በጀት ሳንይዝ የቀረንበት ጊዜ አለ። ይህን በእናንተ ፊት ስንናገር እናፍራለን፤ ለምርቃት ሪባን የሚቆረጥለት አሸንዳ ግን አላየንም።

ዛሬ የኮርማክ ጸሎት ቤት ከርብራቡ ወጥቶ ተከፍቷል። ሆኖም በሩ ለመጣ ሁሉ እንደ ልብ የሚከፈት አይደለም። የሰው ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነውና ጎብኚዎች በጥቂት በጥቂቱ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ሲወጡም በሩ ከኋላቸው ይዘጋል። ከጎኑ ባለው ትልቁ ካቴድራል ግን በር የሚዘጋ የለም፤ ዝናቡም እንደ ቀድሞው በመንበሩ ቦታ ላይ ይወርዳል።

 ጥያቄ ያለው ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ የቀሩትን ፎቶግራፎች እያሳየን እንመልሳለን።